ከኋላ ለሚገባው ሰው

የዛሬው ጉዳያችን ገበታ ላይ የሚነሣ አይደለም። ቁርስ እየበላችሁ ይህን ገጽ የገለጣችሁ ካላችሁ፣ አጠፍ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ቡናው ላይ ተመለሱበት። የምናወራው ከሽንት ቤት መቀመጫ ጀርባ ስላለችው የውኃ ሳጥን ነው። ስለተሰበረችው አይደለም። ፍላሽ ከተደረገች በኋላ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች ስለምትሞላው ነው።

የተሰበረ ዕቃ ዕድለኛ ነው፤ ወዲያው ሰው ይጠራለታል። ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው ሳሎን ከገባ ቤተሰቡ በሙሉ ይሯሯጣል፣ ጎረቤትም ይደርሳል። ቀስ ብላ የምትሞላ ሳጥን ግን ትሠራለች። «ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ደህና ናት» ይባልና ወር ያልፋል፣ ዓመትም ያልፋል። ቤተሰቡ ይለምዳታል። የልማዱን ዋጋ ግን ሁሉም እኩል አይከፍለውም። መጀመሪያ የሚገባው ሰው ሙሉ ሳጥን ያገኛል። ሁለተኛው ግማሽ ይደርሰዋል። ሦስተኛው ባዶውን ይጫነዋል። ጠዋት ጠዋት በየቤታችን ሁለተኛና ሦስተኛ የሚገቡት እነማን እንደሆኑ ደግሞ እናውቃለን። ታክሲ እንዳያመልጠው የሚጣደፈው ይቀድማል፤ ልጆችና አዛውንት ይከተላሉ።

አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። እንደ ድሮው ወግ እስከ ዛሬ «አንቱ» ነው የሚሉኝ። በአማች ቤት ጨው በዛ፣ ብርድ ገባ ማለት አይሆንላቸውም፤ የሽንት ቤት ነገርማ ጨርሶ ከአፋቸው አይወጣም። ነገሩን ያመጣችው ከእርሳቸው ጋር አንድ ክፍል የምትተኛው የ12 ዓመት ልጃችን ናት። «እማማ እኮ ከእራት በኋላ ውኃ አይጠጡም» አለችን። «ሌሊት ሰው ገብቶ ከነበረ ሳጥኑ ባዶ ስለሚሆንባቸው፣ ‹ቆሜ ስጠብቅ ሰው እቀሰቅሳለሁ› እያሉ ከባልዲ በጆግ እየቀዱ ያፈሳሉ። ስለዚህ ላለመነሣት አይጠጡም።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጥም ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሰውነቱ ውኃ ቢፈልግም አፉ አይነግረውም። በዚያ ላይ ሆን ብሎ መጠጣት ሲቀንስ ድርቀት ይመጣል፣ ሆድ ይደርቃል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይቀርባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በእንቅልፍ ዓይን ጆግ ይዞ ከባልዲ ማጎንበስ፣ የፈሰሰው ውኃ ሴራሚኩን ሲያንሸራትት... ቀሪውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጆችም ቢሆኑ ያው ናቸው። ውኃ አልወርድ ብሎት በታላላቆቹ የተሳቀበት ልጅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሽንቱን ይዞ መዋልን ይመርጣል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለሌላ ቦታ እንጂ ለሽንት ቤት አይሠራም።

እናም ቅዳሜ ጠዋት እኔና ልጄ ሥራ ጀመርን። መሣሪያችን ይህን ያህል ነበር፤ ባልዲ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ፒንሳ፣ የብሎን መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ የማያገለግል የጥርስ ብሩሽ፣ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶና ሰዓት የምንይዝበት ስልክ። ከመፍታት በፊት መለካት ይቀድማል። ሳጥኗን ፍላሽ አድርገን ሰዓት ያዝን። እስክትሞላ 14 ደቂቃ ፈጀች። ጥሩ ግፊት ባለበት ቤት እንዲህ ያለች ሳጥን ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ትሞላለች። ውኃው የሚመጣው ግቢ ውስጥ ከተሰቀለ ሮቶ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢፈጅ አይገርምም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን አንድ ቦታ ላይ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

የሳጥኗን አሠራር ለልጄ እንዲህ ነበር ያስረዳኋት። ውስጧ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ከታች ያለው የጎማ ክዳን ነው፤ ስንጫን ተነሥቶ ውኃውን ወደ መቀመጫው ይለቀዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሁለተኛው ከቧንቧ የሚመጣውን ውኃ የሚያስገባው የመሙያ ቫልቭ ነው። ይህኛው በር ጠባቂ አለው፤ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ ወይም ትንሽ የፕላስቲክ ጣሳ። ውኃው ሲወርድ ተንሳፋፊው ይወርድና በሩን ይከፍታል፤ ውኃው ሲሞላ ይወጣና ይዘጋዋል። በሩ በዘገምታ የሚያስገባው ከአራት ምክንያቶች በአንዱ ነው። መንገዱ ላይ ግማሽ የተዘጋ ነገር አለ፤ ወይም በሩ አፍ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል፤ ወይም የሚመጣው ውኃ ጉልበት የለውም፤ ወይም ደግሞ ከላይ የሚገባው ከታች እየሾለከ ነው። ፍተሻው ምንም ከማያስወጣው ይጀምራል።

መጀመሪያ ከግድግዳው የወጣችውን ትንሽ መዝጊያ እዩ። አንድ ቀን ባለሙያ መጥቶ ሲሠራ ዘግቷት፣ ሲሄድ ግማሽ ብቻ ከፍቷት ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ክፈቷት። ለብዙ ጊዜ ሳትነካ የቆየች መዝጊያ ስለምትደርቅ በኃይል አትታገሏት፤ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አላሏት። ቀጥሎ ከመዝጊያዋ ወደ ሳጥኗ የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ በእጃችሁ ዳስሱት። ተጣሞ የታጠፈ ቦታ ካለ አቃኑት። ሳጥኗን ከፍታችሁም ተንሳፋፊው እንደ ልቡ መውረዱን አረጋግጡ። ከግድግዳው ጋር እየታከከ ከሆነ፣ ወይም ኳሱ ተሰንጥቆ ውኃ ከጠጣ፣ በሩ በሚገባ አይታዘዝለትም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የሳጥኗ ክዳን ሸክላ ነውና ሲነሣ መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ይተኛ። ከተሰነጠቀ ለብቻው ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ካልተፈታ የባልዲው ፈተና ይከተላል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው፤ የችግሩን ቤት ለይቶ ይነግራችኋል። መዝጊያዋን ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጋችሁ ሳጥኗን ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ ቱቦውን ከሳጥኗ በኩል ፍቱትና አፉን ባልዲ ውስጥ አስገቡ። አሁን መዝጊያዋን ክፈቱ። ውኃው በደህና ከወረደ ቧንቧው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ሳጥኗ ውስጥ ካለው ቫልቭ ነው። እዚያም እየተንጠባጠበ ከመጣ ቫልቩን አትውቀሱት፤ ችግሩ ከመዝጊያዋ፣ ከቱቦው ወይም ከዚያ ወዲያ ካለው ቧንቧ ነው። በእኛ ቤት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሞላ። ቧንቧው ነፃ ወጣ።

ስለዚህ ወደ ቫልቩ አፍ ሄድን። ቱቦው የሚገባበት ቦታ ላይ፣ በብዙዎቹ ቫልቮች ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት አለች። ሥራዋ አሸዋና ዝገት እንዳይገባ መያዝ ነው። ልጄ በፒንሳ ቀስ ብላ ሳበቻት። የወጣው ነገር ወንፊት አይመስልም ነበር፤ ቀይ ጭቃ የተጠቀጠቀበት ክዳን እንጂ። ለግማሽ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈን በጥርስ ብሩሹ ፈገፈግናት፤ ቀዳዳዎቿ ብርሃን አሳዩ። አቼቶው ነጩን የኖራ ቅርፊት ያሟሟል፤ ጭቃውን ብሩሹ ያነሣዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ አቼቶ ከምታስቡበት ቦታ በረኪና አርቁ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ጨዋታ አይደለም።

ወንፊቷን መልሰን፣ የቫልቩን የላይ ክዳን ፈትተን ውስጡን አጠብን። ክዳኑን ከፈታችሁ በኋላ አንድ ኩባያ ከላይ ደፍታችሁ መዝጊያዋን ለጥቂት ሰከንድ ብትከፍቱ፣ ውኃው ራሱ የቀረውን አሸዋ ገፍቶ ያወጣዋል። ኩባያው ከሌለ ግን ጣሪያውን ታጥባላችሁ። ሁሉንም ስትመልሱ የፕላስቲኩን ብሎን መጀመሪያ በእጃችሁ እስኪጠብቅ አዙሩት፤ በመፍቻ የሚጨመረው ሩብ ዙር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ሸክላውንም ፕላስቲኩንም ይሰነጥቃል። ሰዓት ስንይዝ 14 ደቂቃው 6 ሆነ። ወጪያችን ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ነው።

ቀይ ጭቃው ከየት መጣ የሚል ካለ መልሱ በፈረቃው ውስጥ ነው። ውኃ ሲቋረጥ ቧንቧዎች ባዶ ይሆናሉ፣ አየርም ይገባባቸዋል። ከቀናት በኋላ ውኃው ሲመለስ በጉልበት እየገፋ በየቧንቧው ግድግዳ ላይ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል ነቅሎ ይመጣል። መጀመሪያ የሚደርሰው ውኃ ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁላችንም ደግሞ ውኃ መጣ ሲባል የመጀመሪያዋን ጠብታ እንኳ ሳናስቀር ወደ ሮቶ ለማስገባት እንጣደፋለን። ባይሆን መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና ውኃው እስኪጠራ በባልዲ ተቀበሉት፤ ያ ውኃ ለአትክልትና ለግቢ ማጠቢያ ይሆናል። ሮቶውንም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ አጥቦ ደለሉን ማስወጣት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የቀረው 6 ደቂቃ የሦስተኛው ምክንያት ሥራ ነበር፤ የጉልበት ማነስ። ውኃ ጉልበት የሚያገኘው ከከፍታ ነው። የ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር የሚባለውን ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶ የተቀመጠበት ብረት ቁመቱ 3 ሜትር ነው፤ ቫልቩ የሚገኘው ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ ሁለት ሜትር ከምናምን፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቫልቮች ደግሞ የተሠሩት ጠንካራ ግፊት ላለው የከተማ መስመር ነው። ለዚያ ብለው የውኃ ማስገቢያ ቀዳዳቸውን በጣም ጠባብ አድርገውታል፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑም አሉ። ለዝቅተኛ ግፊት የሚሠሩት ሰፋ ያለ ቀዳዳ አላቸው። በእናንተም ቤት ይህ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የከተማው ውኃ በቀጥታ በሚመጣበት ቀን አንዴ፣ ከሮቶ በምትጠቀሙበት ቀን አንዴ ሰዓት ያዙ። በከተማው ውኃ ፈጥኖ፣ በሮቶው ከዘገየ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ ለቦታው አልተመረጠም እንጂ።

ስለዚህ ሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ስትሄዱ አሮጌውን ቫልቭ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ውኃው ከሮቶ ነው የሚመጣው፣ ለዝቅተኛ ግፊት የሚሆን ስጠኝ» በሉ። አንዳንዱ ቫልቭ ከጠባብና ከሰፊ ቀዳዳ ጋር ተለዋጭ ትንሽ ፕላስቲክ ይዞ ይመጣል፤ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ። የእኛ አዲሱ ቫልቭ ከገባ ወዲህ ሳጥኗ በ3 ደቂቃ ትሞላለች። ሮቶውን ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ አንድ ሜትር በጨመራችሁ ቁጥር የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ይጨምራል። ግን 1,000 ሊትር ውኃ 10 ኩንታል ይመዝናል። 10 ኩንታል ጤፍ በቀጭን ብረት ላይ የማትሰቅሉ ከሆነ፣ ሮቶውንም ያለ ባለሙያ ምክር አትስቀሉ።

አራተኛው ምክንያት ሌባው ነው። ከታች ያለው የጎማ ክዳን አርጅቶ ወይም ቆሻሻ ይዞት በደንብ ካልገጠመ፣ ሳጥኗ እየተሞላች ሳለ እየፈሰሰች ስለሆነ ሞልታ አታውቅም። ይህን ለመያዝ ሳጥኗ ውስጥ ጠቆር ያለ የተረፈ ቡና ወይም የቀይ ሥር ውኃ ጨምሩና ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ክዳኑ ያፈሳል። ንቀት አያስፈልግም፤ በደቂቃ ሩብ ሊትር የሚያሾልክ ክዳን በ24 ሰዓት 360 ሊትር ይወስዳል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ማንም ሳይነካው በሦስተኛው ቀን ባዶውን ይቀራል። ክዳኑን አውጥቶ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጎማው ከተጨማደደ ግን ይቀየር።

ውኃ በቀናት ልዩነት ለሚያገኝ ቤት አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልንገራችሁ። ባለ 1 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ተንሳፋፊውን በማይነካ ጥግ ሳጥኗ ውስጥ አቁሙት። በእያንዳንዱ ፍላሽ 1 ሊትር ይተርፋል፤ ሳጥኗም በዚያው ልክ ቶሎ ትሞላለች። የቀድሞዎቹ ሳጥኖች 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ስለሚይዙ ጉዳቱ አይሰማቸውም። 6 ሊትር ለምትይዘው ግን አንዴ ሞክራችሁ፣ በአንድ ፍላሽ በደንብ ካላጠበች ጠርሙሱን አውጡት፤ ሁለቴ መልቀቅ ቁጠባ አይደለም። ጡብ ግን አታስገቡ፤ እየተፈረፈረ ያጸዳችሁትን ሁሉ ይመልሰዋል።

ውኃው ጨርሶ ፎቅ የማይወጣላችሁ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርጋል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለእናንተም የምለው አለ። ማታ የመጨረሻው ሰው ከመተኛቱ በፊት ሳጥኗን ከላይ በባልዲ ሞልቷት ይተኛ። አዛውንት ሌሊት ሲነሡ ጨለማ ውስጥ ከሚቀዱ፣ እንደማንኛውም ሰው ተጭነው ይውጡ። ባልዲውም መሬት ላይ ከሚሆን በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ጆጉም ትንሽና እጀታ ያለው ይሁን። ወለሉ ላይ የማይንሸራተት ምንጣፍ፣ መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት። ተከራይም ብትሆኑ ወንፊት ለማጠብ የአከራይ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ዕቃ ለመቀየር ግን አስቀድሞ መነጋገር ደግ ነው።

አማቴ ስለ ሽንት ቤቱ እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም አላነሣንባቸውም። ከእራት በኋላ ግን ሻይ እንዲቀዳላቸው ይፈቅዳሉ፤ ሁለተኛም ሲጨመርላቸው እጃቸውን በስኒው ላይ አይደፉም። ልጄ ደግሞ ወንፊቷን ለአክስቷ ቤት ልትሠራ ፒንሳ ጠይቃኛለች። ልጆች እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያዩ የሚማሩት የቧንቧ ነገር ብቻ አይመስለኝም። የቤት ችግር ተፈልጎ የሚገኝ፣ ተለክቶ የሚታወቅ፣ በእጅ የሚፈታ መሆኑን ያያሉ። ከሁሉም በላይ ማንም ሳይለምናቸው ከኋላ ለሚገባው ሰው ማሰብን ይለምዳሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰንበት ብዙ አልጠይቃችሁም። ፍላሽ አድርጉና ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ መዝጊያዋን፣ ቱቦውን፣ ተንሳፋፊውን እዩ፤ ባልዲውን አምጡ፤ ወንፊቷን እጠቡ፤ በመጨረሻም ጎማውን በቡና ፈትኑ። በዚህ ቅደም ተከተል ሄዳችሁ ካልተፈታ ያን ጊዜ ባለሙያ ጥሩ፤ የት የት እንዳያችሁ ብትነግሩት ሥራው ያጥራል፣ ሒሳቡም አብሮ ሊያጥር ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በቤታችሁ ውስጥ ማን ከማን በኋላ እንደሚገባ አንድ ጠዋት አስተውሉ። ቸር እንሰንብት።